ዓርብ ቡሬ የኛ ነው

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ጠፍር ሊቆርጥ ብሎ የበሬ ቆዳ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ደጃፌ ላይ ትቶት ሄደ። ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈገኝ። «ይሄን ነገር ከደጄ አታነሱልኝም?» ብዬ ጮህኩ። እርጅና ነው ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። እነሱ ምን ያውቃሉ! እርጥብ የበሬ ቆዳ በሸተተኝ ቁጥር ፋጤ የምትባል አንዲት ልጅ ትመጣብኛለች። በአጥር ቀዳዳ እጇን አሾልካ «ወለቴ፣ ነይ» ትለኛለች። የሷን ነገር ለማንም አውርቼ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ ግማሹን ነው የነገርኩት።

ያን ጊዜ ቤታችን ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ወገብ ላይ ነበር። ከበላያችን ደጋው፣ ብርዱና ደብሩ፤ ከበታቻችን ቆላው፣ ገበያውና መስጊዱ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከአጥራችን ማዶ አያ ይማም የሚባል ሰው ከሚስቱ ከዘይነባና ከአንድ ልጁ ከፋጤ ጋር ይኖራል። ከቆላ ወጥቶ እዚያ ጎጆ ከቀለሰ ሦስተኛ ክረምቱ ነበር። በነዚያ ሦስት ክረምቶች ውስጥ እሱና አባቴ «እንደምን አደርክ» ከመባባል ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም። ጠብ አልነበራቸውም። መተዋወቅ ግድ ያላቸው ነገር አልነበረም፣ ይኸው ነው። እኛ ክርስቲያን ያረደውን እንበላለን፣ እነሱ እስላም ያረደውን። እኛ እሑድ እናርፋለን፣ እነሱ ዓርብ መስጊድ ይወርዳሉ። በመካከላችን አባቴ በየዓመቱ እሾህ የሚጨምርበት አጥር አለ።

እኔ ስለነሱ የማውቀው እናቴ የነገረችኝን ብቻ ነው። «ከነሱ ቤት ሥጋ የቀመስሽ ለት ማተብሽ ራሱ ከአንገትሽ ይበጠሳል» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሥጋ ማየትም የሚበጥሰው መስሎኝ ፋጤ በአጥሩ በኩል ብቅ ባለች ቁጥር ማተቤን ጭምድድ አድርጌ እይዛለሁ። አንድ ቀን አየችኝና «አንገትሽን ያምሻል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። በማግስቱ የሆነ ቅጠል አሽታ በአጥሩ ሥር ወረወረችልኝ።

በዚያ በጋ ከብቱ ማለቅ ጀመረ። ዓይናቸው እንባ ያቀራል፣ አፋቸው ይዝረበረባል፣ ሦስት ቀን ቆመው ይውላሉ፣ በአራተኛው ይተኛሉ። ከተኙ መነሣት የለም። እኔ ላሞቹ አዝነው የሚያለቅሱ መስሎኝ በቀሚሴ ጫፍ ዓይናቸውን እየዞርኩ እጠርግላቸው ነበር። አባቴ አየኝና «ተዪ ልጄ፣ ለቅሶ አይደለም፣ በሽታ ነው» አለኝ። ይህን ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ የሱ ግን ለቅሶ ነበር።

ሁለት በሬና ሁለት ላም ነበረን። የቀረን ዳልቻ ብቻ ነው፣ አመድማው፣ አጭሩ በሬ። ለአያ ይማምም አንድ ቀረው፤ ቡሬ፣ ቀንዱ ረጅም፣ ቁመቱ ከዳልቻ በክንድ የሚበልጥ። በቀረው ቁልቁለት ሁሉ ጠዋት ጠዋት እምቧ የሚል ጠፋ። ጅቡ ከመጥገቡ የተነሣ በቀን ብርሃን መንገድ ዳር ተጋድሞ ሰው ሲያልፍ አይነሣም ነበር። ያንን ዓመት ነው እንግዲህ ሰው ክፉ ቀን ብሎ የሚጠራው። ገና መጀመሪያው ነበር፣ እኛ ግን መጨረሻው መስሎን ነበር።

ፋሲካ አለፈ፣ ዝናቡ ያለ ወትሮው በሰዓቱ መጣ። ማሽላ መዘራት አለበት። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። አባቴ መቆፈሪያ ይዞ ከጠዋት እስከ ማታ ሲቆፍር ውሎ የቆፈረውን አንድ ፍየል ብትተኛበት ትሸፍነው ነበር። በሁለተኛው ቀን አያ ይማም መጣና ከአጥሩ ማዶ ቆመ።

«እንደምን አደርክ፣ አያ ወልዴ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደርክ፣ አያ ይማም።»

«አልሐምዱሊላህ።» ወደ በረታችን አየ። «ዳልቻ ደህና ነው?»

«ቆሟል። ያንተስ?»

«ቆሟል።» አንዲት ሰበዝ ነቅሎ በጥርሱ ነከሳት። «እንግዲህ ለኔም አንድ፣ ላንተም አንድ። ብናቀናጅስ?»

መቀናጆ የቆየ ነገር ነው። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን ባንድ ቀንበር ጠምደው የሁለቱንም መሬት በተራ ያርሳሉ። ነገር ግን ሰው የሚያቀናጀው ከወንድሙ፣ ከአማቹ፣ ከክርስትና አባቱ ጋር ነው። አባቴ ወደ እናቴ ዞር አለ።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አለችው። «በሬ እናቀናጅ አለህ እንጂ ልጅ እንጋባ አላለህ!»

አባቴ መጥረቢያውን አመጣና በሬ የሚያሳልፍ ያህል አጥሩን ቆረጠው። የቆረጠውን እሾህ አያ ይማም ከማዶ ይጎትታል። ሲጨርሱ ሁለቱም በቀዳዳው ወዲያና ወዲህ ቆመው ተያዩ፤ ማንም ቀድሞ አልተሻገረም። ቀድሞ የተሻገረው ቡሬ ነው።

ጉዱ የመጣው ቀን መቁጠር ሲጀምሩ ነው። አባቴ እሑድ አያርስም። ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን አያርስም። አያ ይማም ዓርብ ይወርዳል። «ወላሂ፣ አያ ወልዴ፣ እናንተ ከምታርሱበት ቀን የምታከብሩበት ይበልጣል!» ይላል አያ ይማም። «አንተስ፣ ለአንድ ጸሎት ዓርብን ሙሉ የት ትውላለህ?» ይላል አባቴ። ዝናቡ እንደሆነ የማንንም በዓል አይጠብቅም። በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ፤ ዓርብ አባቴ ሁለቱንም በሬ ጠምዶ ይረስ፣ እሑድና በበዓል ቀን አያ ይማም ይረስ።

አባቴ ግን ደብር ወጥቶ የንስሐ አባቱን ጠየቀ። ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። «ሰው ብቻ አይደለም፣ በሬህም ይረፍ ተብሏል አሉኝ» አለ። «ዳልቻ እሑድ ቀንበር ከገባ ኃጢአቱ የኔ ነው።»

አያ ይማም መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ብዙ አሰበ። «እንግዲያው» አለ፣ «እሑድ እሑድ ዳልቻ የኔ ይሁን። ያንተ በሬ አርፏል ማለት ነው፤ የሚያርሰው የኔ ነው። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ቡሬ ያንተ ይሁን።»

አባቴ ሳቀ። ከብቱ ካለቀ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለትልልቆቹ ነገሩ የመላ ጉዳይ ነበር። ለኛ ለልጆቹ ግን ሕግ ሆነ።

ለበሬዎቹ ሣር የምንነቅለው እኔና ፋጤ ነበርን። በቀዳዳው እየተሹለከለክን አንድ ቀን ከኛ ወገን፣ አንድ ቀን ከነሱ ወገን እንነቅላለን። የተራበ ልጅ የሚያወራው ስለ ምግብ ነው። አንድ ቀን ፋጤ «ቡሬ ቢወድቅ አባቴ ያርደዋል፣ እኛ ጠግበን እንበላዋለን» አለችኝ።

«ዓርብ ቢወድቅስ?» አልኳት። «ዓርብ ቡሬ የኛ ነው።»

ቅንድቧን ሰብስባ አሰበች። «ዓርብማ … አዎ፣ የናንተ ነው» አለች፤ አልጣማትም። ከዚያ ፊቷ በራ። «እሑድ ዳልቻ ከወደቀ ግን የኛ ነው!»

«እሺ» አልኳት። ትልልቅ ሰዎች ሲዋዋሉ እንዳየነው እጅ ተመታታን።

እናቴና ዘይነባም በዚያው ቀዳዳ ተገናኙ። መጀመሪያ እሳት ለመጫር፣ ቀጥሎ ጨው ለመበዳደር፣ በኋላ እንዲሁ ለመቀመጥ። ዘይነባ የቆላ ሴት ስለሆነች የትኛው ቅጠል እንደሚበላና የትኛው ሆድ እንደሚቆርጥ ታውቃለች። ቅጠሉን ለእናቴ አሳየቻት፤ እስከ ክረምቱ ያቆየን እሱ ነው። እናቴ ደግሞ ቆሎ ስትቆላ ለነሱም ትከፍላለች፣ ቆሎ ሃይማኖት የለውምና። «ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህች ሴት ጋር ሳልጫወት መኖሬ!» እያለች ትገረም ነበር።

ዓርብ መጣ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ብቆጥር ሦስተኛው ዓርብ ነው። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፤ የለም እንጂ የሚፈሰክበትም የለም። እናቴ የቀረችንን እህል እየቆጠበች ሳማ ቅቅል ብቻ መብላት ከጀመርን ሦስት ቀን አልፎ ነበር። አባቴ የአያ ይማምን መሬት ያርሳል፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ድንጋይ እለቅማለሁ። ዝናቡ የእርከኑን ጠርዝ በልቶት ኖሮ ቡሬ ሲረግጠው ተናደ። ሸርተት አለና ቀንበሩን ይዞ ወረደ። ዳልቻ አንገቱ ተጠምዞ ታንቆ ቀረ። አባቴ ቢላዋውን መዞ ጠፍሩን በጠሰው፤ ዳልቻ ተረፈ፣ ቡሬ ተንከባሎ ከታች ቋጥኝ ላይ አረፈ። አልሞተም። ወገቡ ተሰብሮ፣ አፍንጫው ደም እየነፋ ይተነፍስ ነበር።

ዘይነባ ከቤቷ እየጮኸች ደረሰች። እስላም ወንድ አንድ እንኳ በአካባቢው አልቀረም፣ ሁሉም ወርደዋል። ሴት ደግሞ አታርድም።

«አያ ወልዴ፣ በእናትህ! በእናትህ ጠብቅልኝ! ይማም ይምጣና ይረደው!» ዘይነባ የቡሬን ራስ አንሥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

አባቴ ወደኔ ዞረ። «ወለቴ! ሩጪ! መስጊድ ሂጂና አያ ይማምን ጥሪ፣ ቡሬ ሳይሞት ይድረስ በይ! ሩጪ፣ ልጄ!»

ሮጥኩ። እውነቴን ነው፣ ስነሣ ሮጬ ነው የተነሣሁት። መንገዱ አጭር ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ እግሬም ፈጣን ነበር። መስጊዱ የጭቃ ቤት ነው፤ በቦታ ጥበት ገሚሱ ሰው ከግቢው ነበር የሚሰግደው። አጥሩን ተደግፌ አየሁ። አያ ይማም ከሁሉ በስተኋላ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቷል። በተሰነጠቀው ተረከዙ ነው ያወቅኩት። ከኔ እስከሱ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

አፌን ከፈትኩ። አንድ ጩኸት ይበቃ ነበር።

ሥጋው ታየኝ። ጥሬው፣ ጥብሱ፣ መረቁ። አያ ይማም ከደረሰ ለኔ ማየት ብቻ ነው የሚቀርልኝ። «ዓርብ ነው» አልኩ በሆዴ። «ዓርብ ቡሬ የኛ ነው።» አፌን ዘጋሁ። ትንሽ ቆሜ ዞርኩና በመጣሁበት ሳይሆን በወንዙ በኩል፣ በረጅሙ መንገድ ተመለስኩ። እግሬንም ታጠብኩ። ይኸው፣ ዛሬ ተናገርኩት።

ስደርስ ዘይነባ አሁንም የቡሬን ራስ ታቅፋ ዓይኗን መንገዱ ላይ ተክላ ነበር።

«የታለ?» አለኝ አባቴ።

«ጠራሁት። አልሰማኝም።»

«ሁለተኛ አልጠራሽውም?»

«ሁለት ጊዜ ጠራሁት።»

የቡሬ ዓይን መገልበጥ ጀመረ። አባቴ ቢላዋውን አነሣ። «ዘይነባ፣ ሊሞት ነው» አላት። «ከሞተ ጥንብ ነው፣ ለማንም አይሆንም።» ዘይነባ የቡሬን ራስ ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አኖረችው፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፣ ጀርባዋን ሰጠች። አባቴ በስመ አብ ብሎ አረደው።

አያ ይማም ሲደርስ ሥጋው ገና ይርገበገብ ነበር። እንግዲህ ብጠራው ኖሮ ምን ያህል ቀድሞ ይደርስ እንደ ነበር አስቡት። የተቆረጠውን አንገት አየ፣ የአባቴን እጅ አየ።

«ልጅቱን ልኬብህ ነበር» አለ አባቴ። ቢላዋውን መሬት ላይ ጣለ። «ጠብቄህ ነበር፣ ወንድሜ። ዘይነባን ጠይቃት።»

አያ ይማም እኔን ተመለከተኝ። ረጅም ጊዜ ተመለከተኝ። እኔ እግሬን አየሁ፣ ንጹሕ ነበር።

«ዳልቻን ውሰድ» አለው አባቴ። «አሁኑኑ ወስደህ እረደው።»

«ከዚያስ?» አለ አያ ይማም። «ማሽላውን ማን ሊዘራው?»

ሥጋ መኖሩ ሲሰማ ከላይ ከደጋ፣ አይተናቸው የማናውቃቸው ሰዎች ሁሉ ወረዱ። ያ ሁሉ ሰው ጎረቤታችን መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅነው። አባቴ ለሁሉም ቆርሶ ሰጠ፤ እሱ አንዲት ቁራጭ በአፉ አላዞረም። እናቴ ለዘር ካስቀመጠችው በቀር በቤት ያለውን እህል ጠርጋ በእንቅብ አድርጋ በቀዳዳው አሻገረች። «ሥጋው እስኪያልቅ እኛ ሥጋውን፣ እናንተ እህሉን» አለቻት ለዘይነባ። እህሉ ስድስት ቀን አልቆየም። እኔ በላሁ። እስኪያስመልሰኝ በላሁ፣ አስመልሶኝ ደግሞ በላሁ። እህሉ ካለቀ ወዲያ ከማዶ ጭስ አልወጣም።

ከዚያ ዓርብ በማግስቱ ፋጤ በቀዳዳው መጣችና ተቀመጠች። ሣር የሚነቀልለት በሬ አንድ ብቻ ስለቀረ ብዙ ሥራ አልነበረንም።

«ትላንት ከመስጊዱ ጉድጓድ ውኃ ስቀዳ አይቼሽ ነበር» አለችኝ። «እኔን ፈልገሽ የመጣሽ መስሎኝ እጄን ባወዛውዝልሽ ሳታዪኝ ሄድሽ።»

ማተቤን ጭምድድ አድርጌ ያዝኩ።

«አባቴን አልጠራሽውም።» አልተቆጣችም፤ የምታወራው ስለሣር ይመስል ነበር። «ዓርብ ስለሆነ ነው፣ አይደል?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ዓርብ የናንተ ነው» አለች፤ በጣቷ አፈሩን ጫረች። «ለአባቴ አልነግረውም። ካወቀ ቀዳዳውን ይዘጋዋል።»

ከቡሬ የቀረው ቆዳው ነው። አባቴ ዘፍዝፎ አዲስ ጠፍር ቆረጠበት፤ ግቢያችን ሰንብቶ ሸተተ። የአያ ይማም መሬት ገሚሱ አልታረሰም ነበርና አንድ ጠዋት አባቴ ቀንበሩን ተሸክሞ በቀዳዳው ተሻገረ። ዳልቻን ባንዱ ወገን ጠመደ፣ በቡሬ ወገን እሱ ራሱ ገባና ጠፍሩን በደረቱ ላይ አሠረ። አያ ይማም «አስተግፊሩላህ! ውጣ፣ ሰው አይደለህም እንዴ?» ብሎ ጮኸ። «መቀናጆ ነን» አለው አባቴ። «በሬህ በእጄ ነው የሞተው። ያዝ እርፉን!» አያ ይማም እያለቀሰ አረሰ። ጥቂት እርምጃ እየሄዱ ይቆማሉ፣ አባቴ ያቃስታል፣ ደግሞ ይነሣሉ። ማታ እናቴ ትከሻውን ስታጥብለት ጠፍሩ የላጠውን አየሁ። አሁንም መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

ማሽላው በቀለ። ግን ማሽላ እስኪያሽት ስድስት ወር ይፈልጋል፣ ፋጤ ስድስት ወር አልነበራትም። ሐምሌ ላይ እግሯ አበጠ። እኔ የወፈረች መስሎኝ ቀናሁባት። «ምን ትበያለሽ እናንተ ቤት?» ብዬ ጠየቅኳት። «ቅጠል» አለችኝና ሳቀች። ነሐሴ ሲገባ ቀዳዳው ድረስ መምጣት አቃታት፤ እኔ እሄድላት ጀመር። መጨረሻ ላይ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ማሽላው ስንት ስንዝር ደረሰ?»

ዝናብ በሚያባራበት አንድ ረፋድ ሞተች። የቆላ ሰው ለመቅበር እንኳ አቅም አጥቶ ነበር፤ የመጡት አራት ናቸው። መቃብሩን አባቴና አያ ይማም ቆፈሩ። አባቴ ጸሎታቸው እስኪያልቅ ከመቃብሩ ግቢ ግንብ ውጭ ራሱን ተከናንቦ ቆመ፣ ከዚያ ገብቶ አፈሩን መለሰ። እናቴ ከዘይነባ ጋር ሰባት ቀን ተቀመጠች። እኔን ሁሉም «ጓደኛዋ» እያለ ያባብለኛል።

ኅዳር ላይ ማሽላው አሸተ። ከሁለቱም መሬት ደህና ደህናውን ያወጣው በአባቴ ትከሻ የታረሰው ነው። አያ ይማም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ራሶች ጠብሶ በቅጠል ይዞ መጣና በራችን ላይ ቆመ። በዚያ ክረምት ጺሙ ነጭ ሆኖ ነበር።

«ወለቴን ፈልጌ ነው» አለ።

ወጣሁ። ጎንበስ ብሎ ፊቴ ድረስ ዝቅ አለ።

«ልጄ፣ ያን ዓርብ ጠራሁት ማለትሽን ስሰማ በልቤ አላመንኩሽም ነበር» አለኝ። «ቂም ይዤብሽ ነበር፣ በትንሽ ልጅ። ፋጤ ከመሞቷ በፊት ነገረችኝ። ‹ሰምቻታለሁ አባባ፣ ሁለት ጊዜ ጠራችህ፣ አንተ ነህ ያልሰማሃት› አለችኝ። ጆሮዬ ነው ልጄን የገደለብኝ። ይቅር በይኝ።»

እሸቱ በእጁ ይጨሳል። አባቴ ከቤት ሆኖ ይሰማል፤ ዘይነባ ከቀዳዳው ማዶ ቆማለች። አፌን ከፈትኩ፣ እንደዚያ ዓርብ።

እናቴ ከኋላዬ ጎነተለችኝ። «በይ እንጂ፣ ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅሽ መልስ አትሰጪም?»

የተማርኩት መልስ አንድ ብቻ ነው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩት።

ራሴን ዳሰሰኝ፣ እሸቱን እጄ ላይ አስቀመጠልኝና በቀዳዳው ተመልሶ ሄደ።